በአንድ እጅ

ዛሬ ኡበር ስሠራ የጫንኳቸው ሽማግሌ ወሬያቸው ሁሉ ቤዝቦል ነበር። (እኔ እንኳን አንድ ጨዋታ ቁጭ ብዬ ጨርሼ አላውቅም፣ እንቅልፌ ይመጣል።) ቀይ መብራት ላይ ስንቆም ኮፍያቸውን አወለቁና የአሜሪካዊውን የቤዝቦል ኳስ ወርዋሪ የጂም አቦትን አወራወር ያሳዩኝ ጀመር።

አቦት ሲወለድ ጀምሮ ቀኝ እጁ የለውም። ጓንቱን ቀኝ ክንዱ ጫፍ ላይ ያሳርፋል። በግራው ይወረውርና ኳሷ ተመትታ ሳትመለስ ያንኑ እጁን ጓንቱ ውስጥ ይከታል። ከቀለባት ደግሞ ጓንቱን ብብቱ ስር ሸጉጦ ኳሷን በግራው መዥርጦ ይወረውራል። ሽማግሌው ሲሞክሩት ኮፍያው እግራቸው ስር ወደቀ። ሳቅን።

ቤት ገብቼ ስለ ሰውዬው አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከታችኛው ሊግ ሳይጀምር በቀጥታ ካሊፎርኒያ ኤንጅልስ የሚባለው ቡድን ገባ። ሴፕቴምበር 4 ቀን 1993 ለኒውዮርክ ያንኪስ ሲጫወት ተጋጣሚዎቹ ክሊቭላንዶች ጨዋታው እስኪያልቅ አንድም ሂት (ኳሷን መትቶ ቢያንስ አንደኛው ጣቢያ ላይ መድረስ) አላገኙበትም። ሁሉም የሚያወራው ይሄንን ነው።

እኔን የያዘኝ ግን 1996 ነው። 2 አሸነፈ፣ 18 ተሸነፈ (ቤዝቦል ላይ ድልና ሽንፈት በወርዋሪው ስም ይመዘገባል)። በቃ አለቀለት የሚያስብል ቁጥር ነው። 1997ን ሳይጫወት ከርሞ በ1998 ለቺካጎ ዋይት ሶክስ ተመለሰና 5 አሸነፈ፣ አንድም አልተሸነፈ። የሥራ ዘመኑ ሲደመር 87 ድል፣ 108 ሽንፈት። ስለ ጀግና ሲወራ እንዲህ ያለው ሂሳብ ለምን እንደሚዘለል አይገባኝም።

ደግሞ በ1999 ለሚልዋኪ ቡድን ሲጫወት ራሱ ኳስ ሊመታ ዱላ ይዞ ቆሞ ሁለት ሂት አግኝቷል! ቪዲዮው ያላችሁ እስቲ ኮሜንት ላይ ጣሉልኝ።