አርዜድ ካሲዮፒያ፦ ትርታን ከግርዶሽ መለየት

አርዜድ ካሲዮፒያ የኮከብ ጥንድ ነው፤ ሁለቱ ኮከቦች እርስ በርሳቸው በ1.195 ቀን አንዴ ይዞራሉ። ነጩ በብርቱካናማው ጓደኛው ሲጋረድ የጥንዱ ብርሃን ከ6.2 ወደ 7.7 ማግኒቲዩድ (የድምቀት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ብርሃኑ ይደክማል) ይወርዳል። ነጩ ዴልታ ስኩቲ ከሚባሉት፣ ብርሃናቸው በትርታ ከሚለዋወጥ ኮከቦች ወገን ስለሆነ በየ22.4 ደቂቃው ትር ይላል፤ ትርታው ግን ከመቶኛ ማግኒቲዩድ ብዙም አይርቅም። (በግሪክ ተረት ካሲዮፒያ የኢትዮጵያ ንግሥት ናት፤ ይህ ኮከብ ግን ከአዲስ አበባ ሲታይ ከአድማስ 30 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። የኮከቦችን ብርሃን ከጠፈር የሚለካው የቴስ ሳተላይት መረጃ ይሻላል።)

በየ120 ሰከንዱ የተነሳውን የቴስ መረጃ አውርዱ። ትርታው በቀን 64.2 ዑደት ነው፤ በየ30 ደቂቃው በተነሳው ግን ልኬቱ ከትርታው ስለሚዘገይ ታጥፎ 16.2 ላይ ይታያል፣ እውነተኛም ይመስላል። ላይትከርቭ በሚባለው የመረጃ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ውስጥ ያለውን ፍላተን የተባለ ማስተካከያ አትንኩ፤ ግርዶሹን ራሱን ይደለድለዋል።

የግርዶሹን መሃል ሰዓት ከመረጃው ከራሱ አውጡ። ከጓደኛው ወደ ነጩ ጋዝ ስለሚፈስ የዙሩ ጊዜ ከዓመት ዓመት ይዛነፋል፤ የድሮ ካታሎግ አይታመንም። ለግርዶሹ ሞዴል ፊቢ የተባለውን የጥንድ ኮከብ ፕሮግራም ተጠቀሙ። ሌላው ፕሮግራም ጄኬቲኢቦፕ ፈጣን ቢሆንም የተሠራው ክብ ለሚባሉ ኮከቦች ነው፤ እዚህ ጓደኛው የሮሽ ወሰኑን (ስበቱ ጋዙን ይዞ ማቆየት የሚችልበትን ዳርቻ) ሞልቶ እንደ ጠብታ ሾሏል። ሞዴሉን ከመረጃው ቀንሳችሁ በቀሪው ላይ ድግግሞሽ በሚፈልገው ፕሮግራም በፔሬድ04 ትርታውን ፈልጉ፤ የተገኘውን ትርታ ከዋናው መረጃ ቀንሳችሁ ሞዴሉን እንደገና አስሉ። ሁለት ሦስት ዙር ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ከ64.2 ግራና ቀኝ በ0.837 ርቀት (ይህ የዙሩ ድግግሞሽ ነው) በድግግሞሽ ግራፉ ላይ ጫፎች ይደረደራሉ። እንደ አዲስ ትርታ አትቁጠሯቸው። ግርዶሹ የኮከቡን ገጽ ከፊል ሲሸፍን የትርታው መጠን ይለዋወጣል፤ ያ መለዋወጥ ጎረቤት ጫፍ ይወልዳል። ግርዶሹን ቆርጦ መጣልም አያድንም፤ በየዙሩ የሚቀረው ክፍተት ያንኑ ይፈጥራል። በ27 ቀን መረጃ በቀን ከ0.056 ዑደት በታች የሚቀራረቡ ጫፎችም አይለያዩም።

ጥንድነቱ የሚክሰው በመጨረሻው ስሌት ነው። ግርዶሹና የስፔክትረም ፍጥነት ተደምረው የነጩን ክብደት 2፣ ራዲየሱን 1.65 የፀሐይ እጥፍ ያህል ይሰጣሉ። እፍጋቱ የፀሐይ 0.44 ይሆናል፤ የትርታው ጊዜ 0.0156 ቀን (22.4 ደቂቃ) በእርሱ ስኩዌር ሩት ሲባዛ 0.010 ይወጣል። ለመሠረታዊው ትርታ ይኸው ብዜት 0.033 ገደማ ስለሆነ፣ ይህኛው ከፍ ያለ ኦቨርቶን (ከመሠረታዊው የፈጠነ ትርታ) ነው። ለብቻው በሚኖር ኮከብ ክብደቱ ከቲዎሪ ይገመት ነበር። ስለዚህ በግርዶሹ ጊዜ የተነሳውን መረጃም አትጣሉት፤ ገጹ ቀስ በቀስ ሲሸፈን የትርታው መጠንና ፌዝ (በዑደቱ ውስጥ ያለበት ደረጃ) እንዴት እንደሚቀየር ማየት የትርታውን ቅርጽ ለመለየት ይጠቅማል።