ለካስ የቀኙ ይሰፋል

ሁለት ዓመት ሙሉ «ነገ እቀይረዋለሁ» ስለው የኖርኩትን የሞተሬን የመሪ ላስቲክ ትናንት ቀየርኩት። ጋራዥ ብወስደው አንድ ቡና ተጠጥቶ ሳያልቅ ያልቅ ነበር። እኔ ግን ከሰዓት በኋላውንም ምሽቱንም ጨርሼበታለሁ።

ያጣደፈኝ ያለፈው ሳምንት ነው። ከሐዋሳ ወደ ወንዶ ገነት እየወጣሁ ዝናብ ያዘኝ። ዳገቱ ላይ ማርሽ ቀንሼ ነዳጅ ልጨምር እጄን ሳዞር፣ እጄ ዞረ፤ የሞተሩ ድምፅ ግን ያው ነው። ገመዱ የተበጠሰ መሰለኝ። ዝቅ ብዬ ሳይ ላስቲኩ ብቻውን ይዞራል፤ ከሥሩ ያለው፣ ገመዱን የሚስበው የነዳጅ መስጫ ቱቦ ንቅንቅ አላለም። ከኋላዬ አንድ አይሱዙ ጡሩንባውን ያንባርቃል። ዳር ይዤ ቆምኩ። ከዚያ በኋላ ላስቲኩን እንደ እርጥብ ልብስ ጨምቄ ይዤ ነው መንገዱን የጨረስኩት። ማታ እራት ላይ ቀኝ እጄ ጉርሻ መጠቅለል አቅቶት ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ሰንሰለቱን በቤንዚን አጥብና በዚያው እርጥብ እጄ መሪውን እይዛለሁ። ቤንዚን ላስቲክን ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል። ላይ ደግሞ የሐዋሳ ፀሐይ አለ፤ ሞተሬ ቀኑን ሙሉ መሥሪያ ቤት ደጅ ተሰጥቶ ነው የሚውለው። መጨረሻ ላይ የቀኙ ላስቲክ ከታኘከ ማስቲካ አይለይም ነበር። መዳፌ ላይ ጥቁር ነገር እየለቀቀብኝ፣ ጠዋት ሰው ሰላም ስል፣ ሥራ ላይ እንዳለ ሰው የእጄን አንጓ ነበር የምሰጠው።

ትናንት መለዋወጫ ቤት ሄድኩ። ልጁ ከተከመረ ላስቲክ መሃል ሁለት መዞ ሰጠኝ።

«ጥንድ ነው?»

«ጥንድ ነው ብሮ።»

ቤት ገብቼ ከግራው ጀመርኩ። ቀጭን ካቻቪቴ በላስቲኩና በብረቱ መሃል ሰድጄ፣ የሳሙና ውሃ በሲሪንጅ ረጨሁበትና ጠምዘዝ ጠምዘዝ ሳደርገው ሳይቀደድ ወጣ። እጄ ላይ ይዤ ትንሽ አየሁት። የግራው እኮ ሥራ የለውም። አይዞርም፤ ዝም ብሎ መያዣ ነው። ግን ከቀኙ ይበልጥ የተበላው እሱ ነበር። መዳፌ የሚያርፍበት ጋ የነበረው ሽንትር ሁሉ ጠፍቶ እንደ ወንዝ ድንጋይ ለስልሷል። ከሁለት ዓመት በፊት አስፋልት ላይ ከተንሸራተትኩ ወዲህ መኪና በቀረበኝ ቁጥር አንድ ነገር ጭብጥ እንደማደርግ አውቃለሁ። በየትኛው እጄ እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።

የቀኙን በምላጭ ቀደድኩት። እዚህ ጋ ቀስ ማለት ያስፈልጋል፤ ከሥር ያለው ብረት ሳይሆን ፕላስቲክ ነው። አዲሱን ላስገባ ስል እምቢ አለ። ሳሙና ቀባሁት፣ እምቢ። ጉልበቴን ግድግዳ ላይ ደግፌ ገፋሁት፣ እምቢ። በመጨረሻ የልጄን ማስመሪያ አመጣሁ። የግራው ብረት 22 ሚሊ ሜትር ነው። የቀኙ፣ ያ የሚዞረው ቱቦ ብረቱ ላይ ስለተደረበ፣ ወደ 25 ይጠጋል። የገዛኋቸው ላስቲኮች አፋቸው እኩል ነው፣ ሁለቱም ጠባብ። አራት ዓመት ሞተር ስነዳ በየቀኑ ስይዛቸው ኖሬ፣ የቀኙ ላስቲክ ከግራው እንደሚሰፋ ትናንት ነው ያወቅኩት። ለሰው አይወራም።

ተመልሼ ሄድኩ።

«ላስቲክ ነው ብሮ፣ ይለጠጣል» አለኝ ልጁ።

«አይገባም እኮ ነው የምልህ።»

«የፈላ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው።»

አጠገባችን ብሎን ሲመርጡ የነበሩ አንድ ሸምገል ያሉ መካኒክ ሁለቱን ተቀብለው አውራ ጣታቸውን አንዴ በአንዱ፣ አንዴ በሌላው ከተቱ። «ሁለቱም የግራ ናቸው» አሉና ከክምሩ ውስጥ ራሳቸው የቀኙን ፈልገው ሰጡኝ። ልወጣ ስል ጠሩኝ። «ልጄ፣ በማስቲሽ እንዳትለጥፈው። የሴቶች ፀጉር ስፕሬይ ነው የሚሻለው።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ። ማስቲሹን ግን ቀድሜ ገዝቼው ነበር። የተገዛ ነገር ደግሞ ይቆጨኛል።

ለጥፌ፣ ጠርጌ፣ ራቅ ብዬ አይቼ ስደሰት ቆየሁና ነዳጅ መስጫውን አዙሬ ለቀቅኩት። ቀጭ ብሎ መመለስ ሲገባው፣ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ግማሽ መንገድ መጥቶ ቆመ። ማስቲሹ ከጫፉ ሾልኮ በቱቦውና በብረቱ መሃል ገብቷል። ሞተሩ ጠፍቶ ስለነበር ሳቅኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን ሳቁ ጠፋ። ስትለቀው የማይመለስ ነዳጅ መስጫ ይዤ ጠዋት አደባባይ ልገባ ነበር።

ሁለቱን ብሎን ፈትቼ፣ የገመዱን ራስ አላቅቄ ቱቦውን አወጣሁት። የደረቀውን ማስቲሽ በጥፍሬ፣ ከዚያ በአልኮል ስፈገፍግ መሸ።

ፀጉር ቤት ከምትሠራው እህቴ ስፕሬይ ለመንኩ። የላስቲኩን ሆድ ነፋ ነፋ አድርጌ ስገፋው በአንድ ትንፋሽ ሽልክ ብሎ ገባ። እርጥብ ሳለ ያንሸራትታል፤ ሲደርቅ ይይዛል። ሳሙናማ እንደዚያ አይደለም፤ የደረቀ መስሎ ይቆይና ዝናብ ሲመታው እንደገና ይሟልጫል። ከመድረቁ በፊት ጫፉን ከመሪው ጫፍ ጋር አስተካከልኩና እስኪነጋ አልነካሁትም።

ጠዋት መጀመሪያ ያየሁት አመላለሱን ነው። ቀጭ! ከዚያ ሞተሩን አስነስቼ መሪውን እስከ ጥግ ወደ ግራ፣ እስከ ጥግ ወደ ቀኝ አዞርኩ። ገመዱ ተወጥሮ ከሆነ ድምፁ ከፍ ይላል። አላለም። ነዳጅ መስጫው ገመዱን መሳብ ከመጀመሩ በፊት ትንሽ ባዶ መዞር አለበት፤ ብዙ ሞተሮች ላይ ከ2 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ነው። እሱንም ለካሁ። ማስመሪያው እኔ ጋ ቀርቷል፣ ልጄ ትምህርት ቤት ያለ ማስመሪያ ሄዷል።

መንገድ ላይ መዳፌ ሥር ያለው ሽንትር እንግዳ ሆነብኝ። ትራፊክ መብራት ላይ ስቆም የግራ እጄን አየሁት። ጭብጥ።

መሥሪያ ቤት በር ላይ ጥበቃው አባባ ጠጋ ብለው አሸተቱኝ። «ምነው ልጄ፣ ሠርግ አለብህ እንዴ?»

ስፕሬዩ ነው፣ እጄ ላይ ቀርቷል። እየሳቁ እጃቸውን ዘረጉልኝ። እኔም ልማድ ሆኖብኝ አንጓዬን ሰጠኋቸው።