ያለ ክርክር የዋለ ገበያ

ዛሬ ከጠዋት እስከ ማታ ገበያ ውዬ «መጨረሻው ስንት ነው?» የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም። እናቴ ብትሰማ አታምንም። መርካቶን ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ የተጠራውን ዋጋ ግማሽ መጥራት፣ ሻጩ ሲያኮርፍ ዕቃውን አስቀምጦ መሄድ፣ አምስት እርምጃ ሳይሞላ «ነይ እስቲ» መባልን መጠበቅ። ቶኪዮ ውስጥ ግን ዋጋው ተጽፎ ተለጥፏል፤ አምስት አይደለም አምስት መቶ እርምጃ ብሄድ የሚጠራኝ የለም።

የመጣሁበት ስብሰባ ትናንት አልቋል። ስለዚህ ሳልቸኩል ከኡዌኖ ተነስቼ በጊንዛ መስመር ወደ አሳኩሳ ሄድኩ፤ ሦስተኛው ፌርማታ ነው። ይህች አጭር መንገድ በአውሮፓውያኑ 1927 ስትከፈት በእስያ የመጀመሪያዋ የምድር ውስጥ ባቡር ነበረች። ባቡሩ በሰው ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ የሚያወራ አንድ ሰው አልነበረም።

ወደ ሴንሶጂ ቤተ መቅደስ የሚወስደው ናካሚሴ ሩብ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግራና ቀኙን ትናንሽ ሱቆች ተደርድረውበታል። ትኩስ ኒንግዮያኪ ገዛሁ። በብረት ቅርጽ የሚጋገር ትንሽ ኬክ ነው፤ ሆዱ ውስጥ በስኳር የተቀቀለ ቀይ አደንጓሬ አለበት። አደንጓሬ ለእኔ ንፍሮ ነው፤ ከስኳር ጋር ይጋባል ብዬ አስቤ አላውቅም። የመጀመሪያውን በጥርጣሬ፣ አራተኛውን በስስት በላሁ። የበላሁትም እዚያው ሱቁ በር ላይ ቆሜ ነው፤ እየሄዱ መብላት እዚህም ነውር ነው። አያቴ ጃፓንን ሳታውቅ ከጃፓን ጋር ተስማምታ ኖራለች።

በምግብ ድምፅ ግን አይስማሙም ነበር። ምሳዬ ቀዝቃዛ ሶባ ነበር፤ ሶባ ከሚሉት እህል ዱቄት የሚሠራ ግራጫ ቀጭን ፓስታ፣ በቀርከሃ ሰፌድ ላይ ተዘርግቶ የሚቀርብ። ከጥቁሩ መረቅ ነከር አድርገው በድምፅ ይስቡታል። ከጎኔ የተቀመጡት አዛውንት ሲስቡ የጎርፍ ውሃ ወደ ቦይ የሚገባ ይመስል ነበር፤ ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። እኔ ሞክሬ አገጬን ብቻ አራስኩ። መጨረሻ ላይ አስተናጋጇ ሶባው የተቀቀለበትን ትኩስ ውሃ በማንቆርቆሪያ አመጣች፤ በተረፈው መረቅ ላይ ጨምረው ይጠጡታል። ከቀኑ ምግብ ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው ይህ ነው።

ከዚያ ቡና። የድሮ ቡና ቤት ገብቼ ዝርዝሩ ላይ «ሞካ» የሚል ሳይ ቸኮሌት ያለበት መስሎኝ ነበር። እዚህ አገር ሞካ የሚሉት ግን የኢትዮጵያን እና የየመንን ቡና ነው፤ ስሙ የመጣው ቡናው ይጫንበት ከነበረው የየመን ወደብ ነው። ሰውየው በጨርቅ ማጥለያ፣ ጠብታ በጠብታ፣ መድኃኒት እንደሚቀምም ሰው አጠለለው። ሰባት መቶ የን! ለአገሬ ቡና! እዚህ ላይ ምላሴን በጥርሴ ያዝኩት።

ወደ ካፓባሺ የገባሁት እግሬ ከዛለ በኋላ ነው። የምግብ ቤት ዕቃ ብቻ የሚሸጥበት፣ ስምንት መቶ ሜትር ያህል የሚረዝም መንገድ ነው። ከእውነተኛው የማይለይ የፕላስቲክ ምግብም ይሸጣል፤ ሹካ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ፓስታ የሚጠቀልልበትን ሳይ ለደቂቃዎች ፈዝዤ ቆምኩ። የፈለግሁት ግን ለእናቴ ቢላዋ ነበር። ሳንቶኩ ይሉታል፤ ሦስት በጎነት ማለት ነው፤ ሥጋውንም ዓሣውንም አትክልቱንም ይቆርጣል። ፓስፖርቴን ሳሳይ አሥር በመቶ ግብሩ ተነሣልኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ሳይከራከሩ የሚገኝ ቅናሽ ግን ጨው የለውም።

ሻጩ ስሟን በመዶሻና በትንሽ መሮ ስለቱ ጎን ላይ ቀረጸልኝ። ፊደላቸው እንደ እኛው ተነባቢውን ከነአናባቢው በአንድ ምልክት ይጽፋል፤ «ጥ» ግን የለውም፤ ስለዚህ የእናቴ ስም ቢላዋው ላይ ትንሽ ለስልሷል።

ስጦታ መሆኑን ስነግረው መሳቢያውን ከፍቶ መሐሉ የተበሳ አምስት የን አወጣ። በስልኩ እያስተረጎመ አስረዳኝ፤ ቢላዋ በስጦታ ከተሰጠ ዝምድና ይቆርጣል ይላሉ፤ አምስት የን ደግሞ አጠራሩ «ጎኤን» ሲሆን ዝምድና ከሚለው ቃላቸው ጋር አንድ ነው። ሳንቲሙን ከቢላዋው ጋር እሰጣታለሁ፤ እሷ መልሳ ትከፍለኛለች፤ ያኔ ስጦታ መሆኑ ቀርቶ የተገዛ ይሆናል። በወረቀት ጠቅልሎ በሁለት እጁ ሰጠኝ፤ በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ምርቃት ነው! ቀኑን ሙሉ ያልጠየቅሁት ምርቃት።

አሁን ሳጥኑ ሻንጣዬ ውስጥ ነው። እናቴን አውቃታለሁ፤ አምስት የን ስላት «ሦስት አድርጊው» ማለቷ አይቀርም።