ጄሉ የት ጋ ነው የተነሳው?

ረቡዕ፣ ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ነገ አስተርእዮ ማርያም ናት። የጥፍር ሳሎኑ ስለሚዘጋ የሁለት ቀን ሥራ ዛሬ ላይ ተደራርቦ ዋለ። ጥር ነው፤ ሙሽራዋ አለች፣ ሚዜዎቿ አሉ፣ የሙሽራዋ እናት አለች፣ አክስቶቿም አይቀሩም። ሁሉም ቢልደር ጄል ነው የሚሉት፤ ጥፍር ላይ ተገንብቶ በላምፕ ብርሃን የሚጠነክረውን ወፍራም ጄል። ሁሉም ደግሞ ከሠርጉ አልፎ እስከ መልሱ፣ ከተቻለም እስከ ቅልቅሉ ድረስ ሳይነሳ እንዲቆይላቸው ይፈልጋሉ። ወገቤ ተቆርጧል፤ ግን አንድ ነገር ሳልጽፍ መተኛት አቃተኝ።

ከሰዓት በኋላ ሌላ ቦታ ጥፍሯን የተሠራች ሴት መጣች። የት እንደተሠራች አልጠየቅኳትም፤ እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ አልወድም። እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ «እይልኝ እስቲ እህቴ፤ ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላውም። እጅሽ ቅባታም ስለሆነ አይዝልሽም አሉኝ» አለች። የሁለቱም አውራ ጣቶቿ ጄል በአንድ ጎኑ ተነስቶ ከሥሩ ነጥቷል። የቀሩት ስምንቱ ንክች አላሉም።

እጇ ቅባታም ከሆነ ስምንቱ ጥፍሮች የማን ናቸው?

ነገሩ የላምፕ ነው። አራቱ ጣቶች ላምፕ ውስጥ ሲገቡ ቀጥ ብለው ይተኛሉ፤ አውራ ጣት ግን በተፈጥሮው ወደ ጎን ያዘነብላል። ብርሃኑ አንዱን ጎኑን በደንብ ያገኘዋል፣ ሌላውን በጥላ ያልፈዋል። በጥላ የቀረው ጎን ሲነካ ጠንካራ ነው፤ ጄል ግማሽ በግማሽ ደርቆም የደረቀ ይመስላልና። ከላይ ያብረቀርቃል፣ ከታች ጥፍሩን የያዘበት ገና ለስላሳ ነው። ለዚህ ነው አራቱን ካደረቅኩ በኋላ ሁለቱን አውራ ጣቶች ጎን ለጎን አስተኝቼ ለብቻቸው የማስገባው። ጊዜ ይወስዳል፣ ወረፋ የምትጠብቀው ታኮርፋለች። ታኩርፍ።

እንዲህ ዓይነት እጅ ሲመጣልኝ «ምን ዓይነት ጄል ነው የቀቡሽ?» ብዬ አልጀምርም። ቦታውን ነው የማየው። የት ጋ እንደተነሳ ያየ ሰው ለምን እንደተነሳ ለማወቅ ብዙ አይቸገርም፤ ደንበኛዋንም በቅባቷ አይወቅስም። በእርግጥ እጃቸው ቶሎ የሚያልባቸው፣ ጥፍራቸው የሚወዛ ሰዎች አሉ። ግን ጥቂት ናቸው፤ ለእነሱም መላ አለው። «እጅሽ ቅባታም ነው» የምትለዋ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከዝግጅት ላይ የተሰረቀ አሥር ደቂቃ መሸፈኛ ናት።

ብዙው ጄል የሚነሳው ከሥር በኩል፣ ጥፍሩ ከቆዳው በሚወጣበት ጠርዝ ላይ ነው። እዚያ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ሰው ግን አንድ ያደርጋቸዋል። አንደኛው ጥፍሩን ዙሪያውን ያቀፈው ሕያው ቆዳ ነው። ጀርም ወደ ውስጥ እንዳይገባ የሚዘጋው እሱ ስለሆነ እኔ መቀስ አላስነካውም። ሁለተኛው ከዚያ ቆዳ ሥር ወጥቶ ጥፍሩ ላይ ተለጥፎ የሚያድግ ስስ የሞተ ሽፋን ነው። በዓይን ሲታይ የለም ያሰኛል፤ ቆዳ መግፊያ በሆነችው ፑሸር ቀስ ተብሎ ሲፋቅ ግን ነጭ ብናኝ ሆኖ ይወጣል። ጄሉ በዚህ ሽፋን ላይ ከተቀባ የያዘው ሽፋኑን ነው እንጂ ጥፍሩን አይደለም። ሽፋኑ ሲላጥ ጄሉም አብሮት ይሄዳል። ከጄል በፊት የሚቀባው ማያያዣ፣ ፕራይመር፣ ምን ውድ ቢሆን ይህን አያድነውም።

ተለማማጇ ልጅ ዝግጅቱን ጨርሻለሁ ስትለኝ ጣቱን ወደ መስኮቱ አዙሬ አዘንብዬ አየዋለሁ። በተለይ ሁለቱን ማዕዘኖች፣ ጎንና ሥር የሚገናኙበትን። መሀሉን ሁሉም ሰው ያጸዳል፤ ጄል የሚነሳው ግን ከማዕዘን ነው።

ስለ ውሃው ልጻፍ። ከጠዋት የመጡት የሙሽራ እናት ወንበሩ ላይ ተደላድለው ከተቀመጡ በኋላ ግራ ቀኝ አዩና «ልጄ፣ ውሃውስ? ሳታስነክሪኝ ልትጀምሪ ነው?» አሉኝ። እኛ ዘንድ ማኒኪውር ማለት ለብ ያለ ውሃ በሳህን፣ ትንሽ ሳሙና፣ ከዚያ ጨዋታ ነው። ያ ሲቀርባቸው የተታለሉ ይመስላቸዋል። «እማማ፣ ለቀለም ይሁን፤ ለጄል ግን አይሆንም» ብዬ አስረዳኋቸው። ጥፍር ውሃ ይጠጣል። ሲጠጣ ያብጣል፣ ይለጠጣልም። ባበጠው ጥፍር ላይ ጄል ተቀብቶ ከደረቀ በኋላ ጥፍሩ ውሃውን እየለቀቀ ወደ ቅርጹ ሲመለስ ጄሉ አብሮት አይመለስም፤ ጠርዝ ጠርዙን መልቀቅ ይጀምራል። ስለዚህ ከጄል በፊት ሁሉም በደረቅ ነው የሚሠራው። እማማ አንገታቸውን ነቀነቁ እንጂ ያመኑኝ አይመስለኝም። መጨረሻ ላይ እጃቸውን በሎሽን ሳሽላቸው ነው ፊታቸው የተፈታው።

ቅባትን ግን ሳስረዳቸው ወዲያው ገባቸው። ምጣድ በጎመን ዘር የሚታሰሰው እንጀራው ሳይያዝ እንዲወጣ አይደል? ጥፍር ላይ የቀረች ቅባትም ያንኑ ሥራ ነው የምትሠራው። እሳቸው ጠዋት ፀጉራቸውን ቅቤ ተቀብተው ነበር የመጡት፤ በየመሀሉ እጃቸው ወደ ሻሻቸው ይሄዳል። እኔም በየመሀሉ እጃቸውን እመልሳለሁ። ጥፍሩ አንዴ በአልኮልና ወዙን በሚያደርቀው ፈሳሽ፣ በዲሃይድሬተር፣ ከተጠረገ በኋላ ፀጉር መንካት የለም፣ ስልክ መንካት የለም፣ የእኔም ጣት ገጹን አይነካውም። ዲሃይድሬተር ደግሞ ለዘለዓለም አያደርቅም፤ የጥፍሩ ወዝ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይመለሳል። አሥሩንም ጠርጎ ሻይ ለመጠጣት የሚነሳ ሰው ከማዘጋጀቱ አለማዘጋጀቱ ይሻላል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ «እንዲይዝ» እየተባለ ጥፍር በድሪል መጋጡ ነው። አንዳንዷ ከመነሳት በጣም ከመፍራቷ የተነሳ ጥፍሩ ቀይ እስኪሆን ትፈጨዋለች። የሚያስፈልገው እኮ ወዙንና ማብረቅረቁን ማጥፋት ብቻ ነው፤ የሻካራነት ቁጥሩ 180 ወይም 240 በሆነ ሞረድ ለስለስ አድርጎ፣ ጥፍሩ በሚያድግበት አቅጣጫ። የሳሳ ጥፍር ይታጠፋል። ቢልደር ጄል ደግሞ ጠንካራ ነው፤ የሚታጠፍ ነገር ላይ የተቀመጠ ጠንካራ ነገር ይለቃል። ላምፕ ውስጥ ሲገባም ያቃጥላል። ጄል ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ ጥፍሩ ከሳሳ ሙቀቱ ቀጥታ ሥጋው ላይ ነው የሚያርፈው። ደንበኛዋ «ኡይ!» ብላ እጇን ትነጥቃለች፣ ማድረቁ ይቋረጣል፣ ያም ራሱ ሌላ የመነሻ ምክንያት ይሆናል። አንድ ወፍራም ሽፋን በአንዴ ከመከመር ከታች ስስ ቤዝ በብሩሹ ጥፍሩ ላይ እሽት እሽት አድርጎ ማድረቅ፣ ከዚያ ላይ መገንባት ይሻላል።

ጫፉ ከብዶ የሚያስነሳው ሌላ ታሪክ ነው። ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል። ስንገነባ የጥፍሩን ጫና የሚሸከመውን ጉብታ፣ አፔክስ የምንለውን፣ በቦታው እናስቀምጠዋለን፤ በሦስት ሳምንት ግን ወደ ፊት ሄዷል። ርዝመቱ ጨምሯል፣ ክብደቱ ወደ ጫፍ ተገፍቷል፣ ከኋላ ባዶ ቦታ ተከፍቷል። ጣት ከአንድ ነገር ጋር በተጋጨ ቁጥር ጫፉ ወደ ታች ሲሄድ ሥሩ ወደ ላይ ይነሳል። ስለዚህ ደንበኛ ሁለት ወር ጠብቃ «ተነሳብኝ» ስትለኝ የምመልሰው የለኝም። በሦስት ሳምንት ሬፊል ነው፣ የተከፈተውን መልሶ መሙላት፤ ቢበዛ በአራት። ጉብታ ሳይኖረው እንደ ቀለም ጠፍጣፋ ተደርጎ የተቀባ ደግሞ ሦስት ሳምንትም አይደርስም፤ መሀሉ ላይ አየር የያዘ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይጀምራል።

ላምፕን በተመለከተ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ዋት አይቶ መግዛት ልማድ ሆኗል። ዋት የሚበላውን ኤሌክትሪክ ነው የሚናገረው፤ ጄሉን የሚያደርቀው የብርሃኑ ሞገድ ነው። አብዛኛው ላምፕ 365 እና 405 ናኖሜትር ላይ ይሠራል፣ ጄሉም ለዚያ ተብሎ ይቀመማል፤ ግን አምፖሎቹ የሚቀመጡበትና የሚሰጡት ኃይል ከላምፕ ላምፕ ይለያያል። ጄሉን የሠራው ኩባንያ ይህን ላምፕ ለዚህን ያህል ሰከንድ ካለ ምክንያት አለው። አሁን ደግሞ ቅመሙ እየተቀየረ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከመስከረም 1 ቀን 2025 ጀምሮ ቲፒኦ የሚባለውን ብርሃን ተቀባይ ኬሚካል ከጥፍር ጄል ከልክሏል፤ ኩባንያዎቹም በሌላ ተክተውታል። ብርሃን ተቀባዩ ሲቀየር የማድረቂያው ሰዓትም ሊቀየር ስለሚችል፣ ስሙ ያው የሆነ ጠርሙስ ሲመጣልኝ ጽሑፉን እንደ አዲስ ነው የማነበው። መብራት ሲሄድ በባትሪ ስለሚሠሩት ላምፖች ደግሞ አንድ ነገር፤ ባትሪው እየደከመ ሲሄድ ብርሃኑም የሚደክም አለ፣ ሰዓቱ ግን ያው 60 ብሎ ይቆጥራል። እኔ ባትሪው ሳይሞላ አልጀምርም። ደንበኛዋ ጀነሬተሩ እስኪነሳ ብትጠብቅ ይሻላታል።

ከጎን የሚነሳው በአብዛኛው ጄሉ ቆዳ ላይ ስለፈሰሰ ነው። ቆዳ ይንቀሳቀሳል፣ ይወዛል፣ ይላጣል፤ ጄሉ እሱን ይዞ ከደረቀ ሲለቅ ጥፍሩንም ይዞ ይለቃል። ወደ ላምፕ ከመግባቱ በፊት በእንጨት ስንጥር ዙሪያውን መጥረግ ነው መፍትሔው፤ በጥፍሩና በቆዳው መሀል የፀጉር ያህል ክፍተት መተው። በጥርና በታኅሣሥ ጠዋት ጄሉ በብርድ ስለሚወፍር አይታዘዝም፤ ጠርሙሱን በመዳፌ አሙቄ ነው የምከፍተው። ሲሞቅ ደግሞ ይፈሳል፤ ያኔ ሁለት ሁለት ጣት እየሠሩ ማድረቅ ነው።

ቆዳ ላይ መፍሰሱ ግን ከመነሳት የከፋ ነገር አለው። ያልደረቀ ጄል ቆዳ በነካ ቁጥር ሰውነት አንድ ቀን ሊጠላው ይችላል። መጀመሪያ ማሳከክ፣ ከዚያ የጣት ጫፍ መሰነጣጠቅና ውሃ መቋጠር፣ አንዳንዴም ጥፍሩ ራሱ ከሥጋው መላቀቅ። አንዴ ከጠላው አብዛኛውን ጊዜ የዕድሜ ልክ ነው። የጥርስ ሐኪም የሚሞላበትና አጥንት የሚጠገንበት ሲሚንቶም የዚሁ ቤተሰብ ኬሚካል ስላለው ጉዳዩ የጥፍር ብቻ ሆኖ አይቀርም። ከኬሚካሎቹ ዋናው ሄማ ነው፤ አውሮፓ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ሄማ ያለበት የጥፍር ውጤት ለባለሙያ ብቻ የሚል ጽሑፍ እንዲኖረው ተደርጓል። እኛ ጋ ማንም በቴሌግራም አዝዞ ሞተረኛ ቤቱ ድረስ ያመጣለታል። ለዚህ ነው ተለማማጇን በፍጥነቷ ሳይሆን በጠርዟ ንጽህና የምመዝናት። ጠርዙን ንጹህ ማድረግ ጄሉንም ያቆየዋል፣ የሰውየዋንም እጅ ያድናል፤ የእኛንም፣ ምክንያቱም ቀኑን ሙሉ የምንነካካው እኛ ነን።

ከሳሎን ከወጣች በኋላ ያለውን ግን እኔ ልቆጣጠረው አልችልም። የሠርግ ቤት ያውቁታል፤ ሽንኩርት በማዳበሪያ ነው የሚላጠው፣ ዶሮው በሎሚና በጨው ይታጠባል፣ ዕቃው በበረኪና ይፈተጋል። እጅ ለሰዓታት ውሃ ውስጥ ነው። እማማን «ጓንት ያድርጉ» ስላቸው «በጓንት የታጠበ ዶሮ ማን ይበላል?» ብለው ሳቁብኝ። ቢያንስ ነጭ ሽንኩርት በጥፍር መላጡንና የለስላሳ ቆርቆሮ በጥፍር መክፈቱን ይተዉልኝ አልኩ። ለማታ ማታ የኪውቲክል ዘይት፣ የጥፍር ዙሪያ ቆዳ የሚቀባውን፣ ሰጥቻቸዋለሁ። ከጄል በፊት ቅባት ጠላት ነው፣ ከጄል በኋላ ግን ወዳጅ ነው፤ በዚህኛው ላይ ክርክር አልገጠሙኝም።

ይህን እየጻፍኩ ስልኬ ጮኸ። ከሚዜዎቹ አንዷ ፎቶ ልካለች፤ የሌባ ጣቷ ጄል ከጫፉ ተነስቷል። «በሱፐር ግሉ ላጣብቀው ወይ? ሠርጉ እሁድ ነው!» ትላለች። አይሆንም አልኳት። ከሥሩ የገባውን ውሃ ቆልፎ ያስቀረዋል፤ ፕሱዶሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ እንዲህ ያለ እርጥብና የተዘጋ ቦታ ይወዳል፣ ጥፍሩን አረንጓዴ የሚያደርገውም እሱ ነው። የተነሳውን ብቻ በጥፍር መቁረጫ ቆርጠሽ ጠርዙን ሞርጂው፣ በጥርስሽ እንዳትልጪው፣ አብሮት የጥፍርሽ ገጽ ይነሳል አልኳት። ከሥሩ አረንጓዴ ነገር ካየሁ ደግሞ እንደማልሸፍንላት ከአሁኑ ነገርኳት።

«ፎቶ ላይ ምኑም አይታይም እኮ» አለችኝ።

ዓርብ ጠዋት በሁለት ሰዓት ቀጥሬያታለሁ።