ቁጥር ያለው ዛፍ

የአውስትራሊያዋ ሜልበርን በገባሁበት ቀን ሙቀቱ አስፋልቱን ሊያቀልጠው ደርሶ ነበር። 19 ቁጥር ትራም ከመሀል ከተማ ወጥቶ ሮያል ፓሬድ ላይ ሲደርስ ግን ከግራና ከቀኝ የተሰለፉት ኤልም የሚባሉ አሮጌ ዛፎች ፀሐዩን ጋረዱት፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሴት ማራገቢያቸውን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ይህን የዛፍ ዓይነት በሚሊዮን የሚቆጠር በበሽታ አጥተዋል፤ እዚህ ግን እንደቆመ ነው። ከባሕር ማዶ መጣ ብለን ስም ያወጣንለት ባሕር ዛፍም እዚህ ባላገር ነው።

ዛፍስ የትም አለ፤ እኔን ያስመጣኝ ከተማዋ ዛፎቿን የምትጠብቅበት ደንብ ነው። የከተማ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ስለ ዛፍ የተናገረ ሰው የሚሰጠውን መልስ ያውቀዋል፦ «ዘንድሮ ይህን ያህል ችግኝ ተክለናል»። ጥላ የሚሰጠውን ትልቁን ዛፍ ማን ቆረጠው፣ ምንስ ከፈለ ብሎ የሚጠይቅ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

የሜልበርን ምክር ቤት ስለቆሙት ዛፎች እንዲያስብ ያስገደደው እ.ኤ.አ. በ2009 ያበቃው ረጅም ድርቅ ነው። ባለሙያዎቹ ዛፎቹን አንድ በአንድ ሲመረምሩ 27 በመቶው በ10 ዓመት፣ 44 በመቶው በ20 ዓመት ውስጥ ዕድሜው እንደሚያልቅ አወቁ። በ2012 የወጣው ስትራቴጂ በጎዳናና በመናፈሻ በዛፍ ጥላ የተሸፈነውን ቦታ ከ22 በመቶ በ2040 ወደ 40 ለማድረስ ያቅዳል። ከዛፎቹ ሁሉ ከአንድ ዝርያ ከ5 በመቶ፣ ከአንድ ወገን (ከተቀራራቢ ዝርያዎች) ከ10፣ ከአንድ ቤተሰብ (ከተቀራራቢ ወገኖች) ከ20 በላይ እንዳይኖርም ይላል። የወደድኳቸው ኤልሞች የዚህ ሐሳብ ተቃራኒ ናቸው፤ አንድ በሽታ ከገባ ጎዳናው ባንድ ጊዜ ይራቆታል።

ደንቡን በዓይኔ ያየሁት ግን አንድ የግንባታ ቦታ ጥግ ላይ ነው። ሕንፃ እየወጣ ነው፤ አንድ ኤልም ብቻውን በብረት አጥር ታጥሯል። ዛፉን ለመጠበቅ የሚከለለው ርቀት ስሌቱ ቀላል ነው፦ የግንዱን ስፋት ከመሬት 1.4 ሜትር ከፍታ ላይ ለክቶ በ12 ማባዛት። ግንዱ 50 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ዙሪያውን 6 ሜትር ድረስ አይቆፈርም፣ ሲሚንቶም አይከመርም። በእርምጃ ለካሁት፤ ስምንት ሆነልኝ። የምክር ቤቱን ዛፍ ለማንሳት የሚፈቀድለት ደግሞ የማስወገጃውን ብቻ ሳይሆን የውበቱን፣ ለአካባቢው የሚሰጠውን ጥቅምና የመተኪያውን ዋጋ ጭምር ይከፍላል። መጋዝ ያነሳን ሰው ቆም የሚያደርገው እንዲህ ያለ ሒሳብ ይመስለኛል።

ማታ ሆቴሌ ውስጥ የከተማዋን የዛፍ ካርታ ከፈትኩ። እያንዳንዱ ዛፍ ቁጥር አለው፤ ቀለሙ የቀረውን ዕድሜ ይናገራል፤ የኢሜይል አድራሻም አለው። አድራሻው የታሰበው የተሰበረ ቅርንጫፍ ለማመልከት ነበር፤ ሰዉ ግን ለዛፎቹ የፍቅር ደብዳቤ ይጽፍላቸው ጀመር። እኔም የታጠረውን ኤልም ፈልጌ አገኘሁትና ጻፍኩለት፦ «ጤና ይስጥልኝ። አጥርህ በምሥራቅ በኩል ዘንበል ብሏል፤ ለሚመለከተው ንገርልኝ»።