ዝለት

ቅዳሜ ማታ፣ ደብረ ብርሃን። ጋቢ ተከናንቤም እጄ እየቀዘቀዘ ነው የምጽፈው፤ ሳይረሳኝ ግን ልጻፈው።

እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣውን የደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ (ዳይስ እየጣሉ በምናብ ታሪክ የሚፈጥሩበት ጨዋታ) ነጻ የሕግ ሰነድ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫወትንበት። ሰነዱ ከሦስት መቶ ገጽ በላይ ስለሆነ ስለ ድካምና ስለ ጉዞ የሚናገሩትን ገጾች ብቻ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳተምኩ። አስማቱም መሣሪያውም ይቆየኝ።

እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ሕግ ድካም ስድስት ደረጃ ነበረው፤ እያንዳንዱም የራሱ ቅጣት። አንዱ ፍጥነትን በግማሽ ይቀንሳል፣ ሌላው የሕይወት ነጥብን። ሠንጠረዡን ስንፈልግ የጨዋታው ሙቀት ይበርድብን ነበር። አሁንም ስድስት ደረጃ ነው፤ ግን በየደረጃው ባለ ሃያ ገጹ ዳይስ ላይ ከሚወጣው 2፣ ከፍጥነት ደግሞ 5 ጫማ ይቀነሳል። ስድስተኛው ላይ ሞት ነው። 5 ጫማ በካርታችን አንድ ካሬ ስለሆነ ለአንድ ደረጃ አንድ ሽምብራ በደከመው ተጫዋች ፊት አኖርኩ። ታናሽ ወንድሜ ሦስተኛዋ ሽምብራ ስትደርሰው ዳይሱን ጨብጦ ዝም አለ። 14 ቢወጣለት እንኳ 8 ነው። ድሮ ወረቀቱ ላይ ጽፎ ይረሳው ነበር፤ ዛሬ ግን ዓይኑን ከሽምብራዎቹ አልነቀለም።

ታሪኩን በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አድርጌዋለሁ። ተጫዋቾቹ ከአልዩ አምባ ገበያ አሞሌ ጨው ጭነው ወደ መንዝ ይወጣሉ። ሕጉ ከ10,000 ጫማ፣ ማለትም ከ3,050 ሜትር ገደማ በላይ የሚጓዝ ሰው አንዱ ሰዓት እንደ ሁለት ይቆጠርበታል ይላል። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ አራት ሰዓት ሲሄዱ በቀን ያለ ድካም የሚጓዙት ስምንት ሰዓት አለቀባቸው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሰዓት ሁሉ፣ ዳይሱ ካልቀናቸው፣ በሽምብራ ሆነ።

የምንጫወተው ጓደኛችን ቤት ነው። እናቱ የመንዝ ሰው ናቸው። ሁለተኛውን ቡና ሲቀዱልን ሽምብራዎቹን አይተው፣

«ይኼ ደግሞ ምንድነው ልጆቼ?» አሉ።

«ጓሳ ላይ ሲሄዱ ደክሟቸው ነው እትዬ። ከቆላ ነው የመጡት።»

«ታዲያ ይዝላሉ እንጂ! የቆላ ሰው እዚያ ትንፋሹ ያጥረዋል። ወር ካልሰነበተ አይለምደውም።»

ወር አሉ። ወረቀቱን አነሳሁና አሳየኋቸው፤ ከፍታውን ለመልመድ 30 ቀን ይላል። ስተረጉምላቸው «አዎና» ብለው ስኒውን አቀበሉኝ። ከዚያ በልጅነታቸው የጓሳውን ሣር አጭደው ለቤት ክዳን ተሸክመው ሲወርዱ የነበረውን አወሩልን። ጨዋታው ግማሽ ሰዓት ያህል ቆመ፤ ማንም አልተቆጨ።

ሣሩን ሲያወሩ ነው የሕጉ ጉድለት የታየኝ። ሸክምን ከድካም ጋር አያገናኝም። ጨው የተሸከመውና ባዶ እጁን የሚሄደው እኩል ይደክማሉ፤ ይኼ ልክ አይደለም። ለእኛ ጨዋታ በከባድ ሸክም ዳገት የሚወጣ ሰው አንድ ሽምብራ ይጨመርበታል ብዬ ወስኛለሁ። ሰነዱ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ስለወጣ ምንጩን እስከጠቀስን ድረስ ማሻሻልም መተርጎምም ይቻላል። ከሁሉ ያስደሰተኝ እሱ ነው፤ ወንድሜ እንግሊዝኛው እየያዘው ስንት ጊዜ ተራውን አሳልፏል።

አሁን የድካሙን ገጽ ወደ አማርኛ መልሼ ጨረስኩ። ርእሱን «ድካም» ብዬው ነበር። ሰርዤ «ዝለት» አልኩት፣ እትዬ እንዳሉት።