ኪቶ ጀመርኩ፤ ጀርባዬ አመፀ

ዛሬ ጠዋት እህቴ የጀርባዬን ፎቶ አነሳችልኝ። እሁድ እሁድ ነው የምታነሳኝ፤ የዛሬው 9ኛው ነው። ቀይ ሽፍታ አንድም የለም። ቡናማው ምልክት አለ፣ ግን ፈዝዟል። ለሌላ ሰው ይሄ ወሬ አይሆንም። እኔ ግን ስልኬን ይዤ ከመጀመሪያው ፎቶ ጋር ሳስተያየው ቆየሁ፤ ከዚያ ይሄን ልጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ።

ኪቶ ካርቦሃይድሬት በጣም የሚቀነስበት አመጋገብ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አላንዛዛውም። ካርቦሃይድሬትን በቀን ወደ 20 ግራም አወረድኩ። ዳቦ፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ድንችና ስኳር ተሰናበቱ። እንቁላል፣ ሥጋ፣ ዓሣ፣ አቮካዶና ቅጠላ ቅጠል ቀሩ። ራሴን አመመኝ፣ ደከመኝ፣ ነጭናጫ ሆንኩ፤ ውሃና ጨው ስጨምር ተሻለኝ። በመጀመሪያው ሳምንት 2 ኪሎ ተኩል ቀነስኩ። አብዛኛው ውሃ እንደሆነ አውቃለሁ። ሰውነት ግላይኮጅን የሚባለውን የስኳር ክምችት ሲያከማች ውሃም አብሮ ይይዛል፤ ግላይኮጅኑ ሲያልቅ ውሃውም ይሄዳል። ቢያውቁትም ደስ ይላል፣ ምን ይደረግ።

ከዚያ የኪቶን መለኪያ ገዛሁ፤ ኪቶን ካርቦሃይድሬት ሲያንስ ሰውነት ከስብ የሚሠራው ነዳጅ ነው። ጣቴን እወጋለሁ፣ ጠብታ ደም አስነካዋለሁ፣ ጥቂት ሴኮንድ ቆይቶ ቁጥር ይመጣል። በሊትር ከ0.5 ሚሊሞል በላይ ከሆነ ኪቶሲስ ውስጥ ተገብቷል፣ ማለትም ሰውነት በስብ መንዳት ጀምሯል ማለት ነው። 2.4 ያየሁ ቀን ከክፍል አንደኛ የወጣሁ ያህል ኮራሁ። ጠዋት ሳልለካ ፊቴን አልታጠብም ነበር። ይሄን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

በ3ኛው ሳምንት ማሳከኩ መጣ። መጀመሪያ የጡት መያዣዬ የሚያርፍበት መስመር ላይ ነበር፤ ትንንሽ ቀያይ እብጠቶች። ጠብቆኝ ነው ብዬ ቀየርኩት። በሳምንቱ ወደ ትከሻዬ አጥንቶች ወጣ፣ ከዚያ ደረቴ ላይና አንገቴ ሥር ወረደ። ቀን ቀን ይቻላል። ማታ አልጋ ውስጥ ሰውነቴ ሲሞቅ ግን እንቅልፍ የለም። ስፖርት ሠርቼ ያላበኝ ቀን ደግሞ ይብሳል። አንድ ሌሊት በማበጠሪያ ጀርባዬን ስፈትግ ራሴን ያዝኩ።

አሁን የሚያሳፍረው ክፍል። 6 ሳምንት ሙሉ ከምግቡ በቀር ሁሉንም ነገር ቀየርኩ። የልብስ ሳሙና ቀየርኩ። የገላ ሳሙና ተውኩ። ፈንገስ ነው ብዬ 2 ሳምንት የፈንገስ ቅባት ተቀባሁ። የኮኮናት ዘይት ሞከርኩ፤ አንሶላዬን አበላሸሁ። የአለርጂ እንክብል ዋጥኩ፤ እንቅልፍ ሰጠኝ፣ ማሳከኩ ግን ከእኔ ጋር አልተኛም። የስቴሮይድ ቅባት ትንሽ አበረደልኝ፣ ስተወው ተመለሰ።

ምክር ስጠይቅ ደግሞ፣ «መርዝ እየወጣልሽ ነው፣ ታገሺው» የሚሉኝ በዙ። ይሄን ምክር አልወደውም፤ ፊት ለፊት ልናገር። ቆዳ የቆሻሻ ቱቦ አይደለም። ማጣራቱን የሚሠሩት ጉበትና ኩላሊት ናቸው። ሰው እየነደደ እያለ «ጥሩ ምልክት ነው» ማለት ጭካኔ ነው። ግን እውነቱን ካወራን እኔም ማመን ፈልጌ ነበር። ካመንኩት መለኪያዬ ላይ ያለችውን 2.4 አላጣትማ!

ነገሩን የገለጠችልኝ እህቴ ናት። ቅባት ልትቀባኝ ሸሚዜን ገልጣ ዝም አለች። «አንቺ፣ ጀርባሽ ላይ መረብ የጣለብሽ ማነው?» አለችኝ። ፎቶ አነሳችና አሳየችኝ። እውነትም መረብ ነው። ቀያዮቹ እርስ በርስ ተያይዘዋል፣ ያረጁት ቡናማ ሆነዋል፣ መሃል መሃሉ ላይ ደህና ቆዳ አለ። ግራና ቀኙ ደግሞ በመስታወት የተገለበጠ ይመስላል።

በማግስቱ ቆዳ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ጀርባዬን አይቶ ስለ ሳሙና አልጠየቀኝም። «አመጋገብ ቀይረዋል እንዴ?» ነው ያለው። የሽፍታው ስም ፕሩሪጎ ፒግሜንቶሳ ይባላል። ናጋሺማ የተባለ የጃፓን ሐኪም በ1971 ነው መጀመሪያ የገለጸው፤ ኪቶ እንዲህ ፋሽን ከመሆኑ በፊት። ካርቦሃይድሬት የቀነሱ ብቻ አይደሉም የሚይዛቸው። ረጅም ጊዜ ሳይበሉ የቆዩ፣ ስኳራቸው ከቁጥጥር የወጣ፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ክብደት ለመቀነስ ጨጓራቸውን ቀዶ ጥገና የተደረጉ ሰዎች ላይም ታይቷል። ብዙዎቹን የሚያገናኛቸው ኪቶን ነው። ኪቶኑ በትንንሽ የደም ሥሮች ዙሪያ ነጭ የደም ሴሎችን እየጠራ ቆዳውን ያስቆጣዋል ተብሎ ይታሰባል። የእኔ 2.4 ማለት ነው እንግዲህ።

ሁለት መንገድ ሰጠኝ፦ ካርቦሃይድሬት መመለስ ወይም ዶክሲሳይክሊን። የትኛውን እንደመረጥኩ ገምታችኋል። ዶክሲሳይክሊን አንቲባዮቲክ ነው፤ እዚህ ላይ የሚፈለገው ግን ብግነት (የቆዳውን መቆጣት) ስለሚያበርድ ነው። ሠራ። በ1 ሳምንት ውስጥ አዲስ እብጠት መውጣቱ ቆመ። አንድ ማታ ግን በአንድ ጉንጭ ውሃ ውጬው ወዲያው ጋደም አልኩና ጉሮሮዬ ሲቃጠል አደረ። በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ነው የሚዋጠው፣ ከዚያም ግማሽ ሰዓት ያህል ቀና ብሎ መቆየት ነው። እሱን ሲወስዱ ፀሐይም ቆዳን ቶሎ ያቃጥላል። ነፍሰ ጡር የሆነች ደግሞ አትወስደውም። ያለ ሐኪም እንዳትጀምሩት።

4 ሳምንት ወሰድኩ። ምግቤን ግን አልነካሁትም፣ አሁንም 20 ግራም። መድኃኒቱ ባለቀ በ12ኛው ቀን፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ ያ የጡት መያዣዬ መስመር በላኝ። መብራት አብርቼ አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ። አላለቀስኩም ብል ውሸት ነው።

ጠዋት አንድ ትልቅ ስኳር ድንች ቀቅዬ በላሁ። ማታ ሩዝ። በቀን ወደ 100 ግራም አስገባሁ። በ4ኛው ቀን ማሳከኩ ጠፋ። 4 ቀን! እኔ በቅባትና በሳሙና 6 ሳምንት ፈጅቻለሁ።

ጠባሳ የሚመስለው ቡናማ ምልክት ሌላ ጉዳይ ነው። ማሳከኩ ሲሄድ አብሮ አይሄድም፣ ወራት ይወስዳል። እኔ የቆዳ ማንጫ ቅባትም ሆነ ሎሚ ምናምን አልቀባበትም። ፀሐይ አላስነካውም፣ አልፈትገውም፣ በቃ።

አሁን የሚጠቅመኝ መሣሪያ አንድ የ50 ገጽ ደብተር ነው። ሦስት መስመር፦ የበላሁት ግራም፣ የኪቶን ቁጥር፣ ማሳከኩ ከ10 ስንት። ከ100 ተነስቼ በየሳምንቱ 10 እየቀነስኩ ወረድኩ። 60 ላይ ኪቶኔ 0.3፣ ማሳከክ ዜሮ። 50 ላይ ኪቶኔ 0.9 ደረሰ፣ ማታ ትከሻዬ ሥር ጀማመረኝ። ወዲያው ወደ 60 ተመለስኩ። ይሄ የእኔ ድንበር ነው፤ የእናንተ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ኮፒ አታድርጉት። ኪሎዬ አሁንም ይቀንሳል፤ በኤሊ ፍጥነት።

የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ካላችሁ ግን በደብተር አትጫወቱ፤ እናንተ ላይ ከፍ ያለ ኪቶን ከሽፍታ የከፋ አደጋ ነው። ሽፍታው ትኩሳት ካለው፣ ውሃ ከቋጠረ ወይም ከንፈርና ፊት ካበጠ ደግሞ ስለ ኪቶ ማሰብ ትታችሁ በቶሎ ሐኪም ቤት ሂዱ። ያኔ የምናወራው ስለ ሌላ በሽታ ነው።

«ታዲያ ኪቶ ትመክሪናለሽ?» ትሉኛላችሁ። አላውቅም። ባለፈው ሳምንት እህቴ መለኪያውን ለሌላ ሰው ልስጥልሽ አለችኝ፤ ለደብተሬ እፈልገዋለሁ አልኳት። እሷ ስትወጣ፣ መለኪያ ቀኔ ሳይሆን፣ ጣቴን ወጋሁ። 0.4። ትንሽ ከፋኝ። ደብተሩ ላይም አልጻፍኩትም።